ስለ አጭሩ ነገር

አባቴና ጋሽ ሆበርት የተጣሉት በቁመት ምክንያት ነው ብዬ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ አምኜ ኖሬያለሁ። በጋሽ ሆበርት ቁመት። አባቴ እሱ በሌለበት «አጭር» ብሎ አማው፣ እሱም ሰምቶ ተቀየመ፣ አለቀ። ይህን የሚያምን ሰው ሞኝ ነው ካላችሁኝ አልከራከርም። ግን ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ጆሮዬ በሻርፕ ተጠፍሮ ነበር፣ ነገሩን ከሥሩ የሚነግረኝ ሰውም አልነበረም። አሁን ሳስበው ደሜን የሚያፈላው ይሄ የመጨረሻው ነው። የሸለቋችን ወንዶች ሲቀልዱ አፋቸው አያርፍም፤ ሲከፋቸው ግን ምላሳቸው የት እንደሚገባ እንጃ።

ጋሽ ሆበርት በእርግጥም አጭር ነበር። እሱና አባቴ ዶርሲ አብሮ አደጎች ናቸው። በአንድ የእንጨት መሰንጠቂያ ይሠራሉ፤ ጋሽ ሆበርት ሚስት ስላላገባ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኛ ቤት ባቄላና የበቆሎ ቂጣ ይበላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከጎተራችን ጀርባ አብረው ዒላማ ይተኩሳሉ። ጠመንጃዎቻቸው የቅድመ አያቶቻቸው ዓይነት ናቸው፤ ባሩዱንም አረሩንም በአፈሙዛቸው የሚጎርሱ፣ በባልጩት ብልጭታ የሚለኮሱ። ለማጉረስ ጠመንጃውን መሬት ላይ ማቆም ያስፈልጋል። የጋሽ ሆበርት ጠመንጃ ሲቆም ደግሞ ከባለቤቱ ይበልጣል።

«ዶርሲ፣ መሰላል!» ይላል ራሱ፣ በእግሩ ጣቶች ቆሞ አረሩን በዘንግ ወደ ታች እየጠቀጠቀ። «ይሄ ከይሲ እኔን ሊያዋርድ አፉን ሰማይ ላይ ከፍቷል!»

«እኔ ላጉርስልህ፣ አንተ ከታች ቃታውን ጠብቅ» ይለዋል አባቴ።

ሁለቱም ይንከተከታሉ። እኔ አብሬ ስስቅ ግን እናቴ በክርኗ ጎሸም ታደርገኝና «ሰው በራሱ ሲቀልድ ሌላ ነው፤ አንቺ ጀማሪ እንዳትሆኚ፣ ቬስታ» ትለኛለች። ይህ ምክር ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ ምን እንደሠራ ብታውቅ ኖሮ አፏን በያዘች ነበር።

በየዓመቱ መስከረም ላይ የተኳሾች ማኅበራችን ሚዙሪ በሚባለው ሩቅ ግዛት ካለ ሌላ ማኅበር ጋር በፖስታ ይወዳደር ነበር። የወዳጅነት ውድድር ነው፤ ማንም የማንንም ፊት አያይም። እኛ በኛ ሜዳ፣ እነሱ በነሱ ሜዳ፣ ከየማኅበሩ የተመረጠ አንድ ሰው በእሳት የጠቆረ ሳንቃ ላይ አምስት ጊዜ ይተኩሳል። በሳንቃው መሃል በቢላ የተቀረጸ መስቀል አለ። ከዚያ ምስክሩ የጥጥ ክር ይዞ ይመጣና ከመስቀሉ እስከ መጀመሪያው ቀዳዳ ዘርግቶ ይቋጥራል፤ ከቋጠሮው ቀጥሎ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ እንዲህ እያለ አምስተኛው ላይ ሲደርስ ይቆርጠዋል። ሚዙሪ የሚሄደው ሳንቃው ሳይሆን ያ ክር ነው፣ ከምስክሩ ፊርማ ጋር። በኢንች የሚለኩትም እነሱ ናቸው፤ የነሱን ደግሞ እኛ። ክሩ ባጠረ ቁጥር ተኳሹ ይበልጣል። ማታለል ለፈለገ ሰው መቀስ አይጠፋም ነበር፤ ግን ክር ማለት ቃል ስለነበር ሐሳቡ እንኳ ለማንም አይመጣለትም።

ሽልማቱ የአሸናፊዎች ስም የሚቀረጽበት የባሩድ ቀንድ ነው፤ እሱም በፖስታ ይመላለሳል። «ይመላለሳል» ያልኩት ለወጉ ነው እንጂ ሰባት ዓመት ሙሉ ከሚዙሪ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። ሰባቱንም ዓመት ለኛ የተኮሰው አባቴ ነው። ሰባቱንም ዓመት በጣት ስፋት፣ አንድ ጊዜማ በጥፍር ስፋት ተሸነፈ። ክረምቱን በሙሉ እርሳስ እያቀለጠ አዲስ አረር ያፈሳል፤ አይጥመውም፣ መልሶ ያቀልጠዋል። አረሩ የሚጠቀለልበት ጨርቅ ሽመናው ጥብቅ መሆን አለበት ብሎ የእናቴን የጠረጴዛ ልብስ ቀዳደደው። ቀጥሎ አንሶላ ሄደ። «ዘንድሮ ካላሸነፍክ እኮ ዶርሲ፣ ራቁታችንን ልንተኛ ነው» አለችው እናቴ፣ ግማሹን ከልቧ።

በስምንተኛው ዓመት፣ በአንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሁለት መሆኑ ነው፣ አጥር ላይ ተቀምጬ ጣቶቼን ጆሮዬ ውስጥ ከትቼ አየሁት። መጀመሪያ ባልጩቱ ቿ ይላል፤ ጉንጩ አጠገብ ነጭ ጭስ ፍስስ ይላል፤ ልብ አንዴ እስክትመታ ምንም የለም፤ ከዚያ ዱም! የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጭስ ሜዳውን ይሸፍነዋል። አባቴ ከጭሱ ውስጥ አንገቱን አስግጎ ሳንቃውን ይፈልጋል። አምስተኛውን ተኩሶ ጠመንጃውን አወረደ። ምስክሩ ጋሽ ሆበርት ነበር፤ እየሮጠ ሄዶ ቀዳዳዎቹ ውስጥ የእንጨት ችካል ሰካና ክሩን አወጣ።

«እንዴት ነው?» ጮኸ አባቴ።

«አይዞህ!» አለ ጋሽ ሆበርት ተንበርክኮ፣ ክሩን በጥርሱ ነክሶ እየቋጠረ። «ዘንድሮ በጥርሴም ቢሆን አሳጥረዋለሁ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አባቴም ሳቀ። ያቺን ቀልድ በኋላ ስንት ሌሊት እያመነዠካት እንዳደረ አላውቅም።

ከዚያ ወደ ቤት ገባን። አባቴ ከብቶቹን ሊያስገባ ሄደ። ጋሽ ሆበርት ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ወረቀቱን ፈርሞ፣ ክሩን እንደ ቀለበት ጠቅልሎ ወረቀቱ ላይ አስቀመጠና ለአባቴ በመስኮት «ደህና ዋል!» ብሎ ሄደ። ፖስታው ክፍት ነበር፤ አድራሻ የምትጽፈው የእጅ ጽሑፏ የሚያምረው እናቴ ናት፣ እሷ ደግሞ ጓሮ በትልቁ የመዳብ ድስት የፖም ማርማላታ እያማሰለች ነበር። ቤት ውስጥ የቀረነው እኔና ማርማላታ የሞላ አንድ ማንኪያ ነን።

ክሩን ላየው ፈለግሁ፣ ሌላ ነገር አልነበረም። ጎንበስ ስል ማንኪያው አብሮኝ ጎነበሰና ቡናማው ማርማላታ ክሩ ላይ ጠብ አለ። ልጠርገው ብዬ በአውራ ጣቴ አሸሁት፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ ሙሉ ክሩ ተጨማለቀ። የአባቴ የስምንት ዓመት ድካም እጄ ላይ እየተጣበቀ ነበር። ማልቀስ አማረኝ፣ ግን ጊዜ አልነበረም። ከምድጃው ማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ቀዳሁ፣ ሳሙና ጨመርኩ፣ ጣቶቼን እየለበለበኝ አሸሁት። ነጭ ሆነ። ከበፊቱም ነጣ። ምድጃው በር ላይ ሰቅዬ አደረቅሁት፣ አምስቱን ቋጠሮዎች ቆጠርኩ፣ እንደነበረው ጠቅልዬ ከወረቀቱ ጋር ፖስታው ውስጥ ከተትኩና በምላሴ አሸግሁት። እናቴ ገብታ አድራሻውን ስትጽፍ «ጎሽ የኔ ልጅ፣ ሥራ አቀለልሽልኝ» አለችኝ። የሠራሁት ነገር ማጽዳት ብቻ መሰለኝ፤ እንዲያውም ንጹሕ ክር ስለላክን ሚዙሪዎቹ ይበልጥ የሚያከብሩን መሰለኝ።

ኅዳር ላይ መልሱ መጣ፣ ከነቀንዱ። አባቴ ደብዳቤውን ቆሞ አነበበው፣ ተቀምጦ አነበበው፣ ከዚያ እናቴን ከወገቧ ብድግ አድርጎ ጣሪያ ሊያስነካት ደረሰ። ጋሽ ሆበርት ወንበር ላይ ወጥቶ ቀንዱን ራሱ ላይ ይዞ ጨፈረ። «አሁን ማን ነው ረጅሙ? እስቲ ንገሩኝ፣ ማን ነው ረጅሙ?» ይላል። አባቴ በሳቅ እንባው መጣ። እኔ አባቴን እንደዚያ ደስ ብሎት ከዚያ በፊትም አላየሁትም፣ ከዚያ በኋላም አላየሁትም።

ደስታው ሦስት ቀን ቆየ።

በሦስተኛው ቀን ጆሮ ደግፍ ያዘኝ። ጉንጬ አብጦ፣ እናቴ ከአገጬ እስከ አናቴ በሱፍ ሻርፕ ጠፍራኝ ፎቅ ላይ ተኝቼ ነበር። ወለሉ ላይ የምድጃው ሙቀት እንዲወጣ የተተወ ቀዳዳ አለ፤ ሙቀቱ ብቻ ሳይሆን ወሬውም በዚያ ይወጣል። እሑድ ከምሳ በኋላ ነው። ጋሽ ሆበርት በልቶ ሄዷል። አባቴ ሳንቃውን ከምድጃው በላይ ሊሰቅለው ከጎተራ ሲያመጣው፣ ምስማር ሲመታ ሰማሁ። ከዚያ መዶሻውን አስቀመጠ።

«አጭር ነው» አለ በመጨረሻ።

እናቴ የሆነ ነገር አለች፤ ሻርፑ በላው።

«ሦስት ጊዜ አየሁት እኮ፣ አይቪ! አጭር ነው። ሆበርት…» ሻርፑን ከጆሮዬ ገፋ አደረግሁት። «…እንዴት አላስተዋልኩም?»

ገረመኝ። አገር የሚያውቀውን የጋሽ ሆበርትን ማጠር አባቴ ገና ዛሬ ማየቱ!

«እንዲህ ከምትቃጠል ጠይቀዋ» አለች እናቴ።

«ምን ብዬ? ‹ለምን አጠረ› ብዬ? ሰው ወዳጁን እንዲህ ብሎ አይጠይቅም፣ ይከፋዋል።»

እኔም በልቤ ተስማማሁ። እግዜር የፈጠረውን ምን ተብሎ ይጠየቃል?

«ለኔ ብሎ ነው» አለ አባቴ፣ ድምፁ ወርዶ። «የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ለኔ ብሎ ነው።»

ይሄኛው አልገባኝም። ሰው ለሌላ ሰው ብሎ እንዴት ያጥራል? ትኩሳቱ ነው ብዬ ተኛሁ።

ዛሬ ሳንቃው ፊት ቆሞ ይታየኛል። ሚዙሪዎቹ የጻፉት ቁጥር አሥር ኢንች ከሩብ ነው። እሱ በአዲስ ክር ቀዳዳዎቹን ሲለካ አሥራ አንድ ይመጣበታል። የሚዙሪዎቹ የራሳቸው አሥር ተኩል ነበር፤ ማለትም በእውነተኛው ክር አባቴ ዘንድሮም ተሸንፏል። ከሳንቃው እስከ ፖስታው ድረስ ክሩን የያዘው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ «በጥርሴም ቢሆን አሳጥረዋለሁ» ያለው ሰው። የቤቱ ልጅ ክር ታጥባለች ብሎ የሚጠረጥር ማን አለ?

ሰኞ ዕለት አባቴ ቀንዱን በጋዜጣ ጠቅልሎ መልሶ ላከው። ለምን ስለው «የኛ አይደለም» አለኝ። ለማኅበሩ ሰዎች «ስህተቱ የኔ ነው፣ ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ» አላቸው። ጠመንጃውን ዘይት ቀብቶ ቁም ሳጥን ውስጥ አቆመና ከዚያ ወዲያ አንድም ጊዜ አልተኮሰም። ሰው ያለውን አለ። ወዳጁን ሊሸፍን የተናገራት ያቺ ቃል የራሱን ስም እንደምትበላ ያውቅ ነበር፤ አውቆ ነው የዋጣት።

ጆሮ ደግፉ ለቆኝ ትምህርት ቤት ስመለስ አንድ ጠቃጠቆ የሞላበት ልጅ በር ላይ ጠበቀኝ።

«አባትሽ አሳጠረ አሉ!» አለኝ።

«ማንንም አላሳጠረም!» አልኩት በንዴት። «ሲፈጠርም አጭር ነው!»

ልጁ አፉን ከፍቶ አየኝ። እኔም አፉ እንደተከፈተ በቦርሳዬ መታሁት። መምህሯ ጥግ ላይ አቆመችኝ፤ ግድግዳውን እያየሁ ነገሩን በሙሉ አቀናበርኩት። አባቴ ጋሽ ሆበርትን አምቶታል፣ ወሬው ወጥቷል፣ ጋሽ ሆበርትም ሰምቷል። ለዚህ ነው ሁለት እሑድ ተከታትሎ ያልመጣው። ለዚህ ነው አባቴ የሱን ወንበር እያየ ባቄላውን የሚያቀዘቅዘው። አንድ ሰው ሄዶ ይቅርታ መጠየቅ ነበረበት፤ ትልልቆቹ ካልሄዱ እኔ እሄዳለሁ።

ከትምህርት ቤት ስንለቀቅ ጅረቱን ተሻግሬ ሄድኩ። ጋሽ ሆበርት በረንዳው ላይ የመጥረቢያ እጀታ በቢላዋ እየላገ ነበር። ሲያየኝ ፊቱ በራ፣ ወዲያው ከኋላዬ ሌላ ሰው ካለ ብሎ አየ፣ የለም።

«ጋሽ ሆበርት፣ ስለ አጭሩ ነገር ነው የመጣሁት» አልኩት።

ቢላዋው ቆመ። «ስለ ምን?»

«ስለ ማጠሩ። አባዬ በጣም አዝኗል። አውቆ አይደለም። ይቅር በለው።»

ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኖቹ ቀልተው ነበር። «እሱ ነው የላከሽ?»

ማንም አልላከኝም ብል ይቅርታው የልጅ ይቅርታ ሆኖ የሚቀር መሰለኝ። የአባቴ እንዲሆን ፈለግሁ።

«አዎ» አልኩ። «እሱ ነው የላከኝ።»

ጋሽ ሆበርት ቢላዋውን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «ሰምቷል በይው» አለኝ። ከዚያ እጀታውን ይዞ ገባ፤ በሩንም ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ሰምቷል! እየዘለልኩ ቤቴ ገባሁ። እሑድ ወንበሩን ራሴ አወጣሁለት፣ ሳህኑን ራሴ አስቀመጥኩለት። እናቴ አየችኝና ባቄላውን ጨለፈች። ባቄላው ቀዘቀዘ። ጋሽ ሆበርት በሚቀጥለውም እሑድ አልመጣም፣ ከዚያ ወዲያም አልመጣም። እኔም አጭር ሰው ቂመኛ ነው ብዬ ደመደምኩ። ያቺን ጉዞዬን ግን ካደግሁም በኋላ በልጅነቴ ከሠራኋቸው መልካም ነገሮች አንዷ አድርጌ ነበር የማስታውሳት። ለልጆቼ ሳይቀር ነግሬያቸዋለሁ።

ሠላሳ ስድስት ዓመት በአንድ ሸለቆ ኖሩ። በአንድ ቤተ ክርስቲያን አንዱ ግራ አንዱ ቀኝ ተቀመጡ። መንገድ ላይ ሲገናኙ ባርኔጣቸውን ነካ ያደርጋሉ፣ ያልፋሉ። ሁለቱም ጎበዝ ክርስቲያኖች፣ ሁለቱም የተከበሩ ሰዎች፤ አንዳቸውም «ምን ሆነህ ነው?» የምትል ሦስት ቃል ማውጣት አቃታቸው። እናቴ ሞተች፤ ጋሽ ሆበርት አበባ ላከ እንጂ አልመጣም። ባለፈው መጋቢት አባቴ ሞተ። ጋሽ ሆበርት ለቀብሩ መጥቶ ከመቃብር ስፍራው በር ሳይገባ፣ ውጭ ዝናብ ላይ ቆሞ አይቶ ተመለሰ። የቁመት ቂም እስከ መቃብር!

ሰኔ ላይ ቤቱን ሳጸዳ የአባቴን የቆርቆሮ ሣጥን ከፈትኩ። ከወረቀቶቹ መሃል ከሚዙሪው ማኅበር ጸሐፊ የመጣ አንድ ደብዳቤ ነበር። «ውድ አቶ ዶርሲ» ይላል፣ «ክሩ ከሳንቃው አጥሮ እንደተገኘ፣ ጥፋቱም የእርስዎ እንጂ የምስክርዎ እንዳልሆነ የጻፉልንን ተቀብለናል። ብዙ ሰው ዝም ባለ ነበር። ክሩን አቃጥለነዋል።»

ክሩ ከሳንቃው አጥሮ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ኑሮዬ መጋረጃ ስፌት ነው። ሱቄ ውስጥ ለሚገባ ደንበኛ ሁሉ ሃያ ዓመት ሙሉ የምደጋግመው አንድ ምክር አለኝ፤ እመቤቴ፣ ጥጥ ሳይታጠብ አይለካም፣ ሙቅ ውሃ ሲነካው ያጥራል። በአፌ ሺህ ጊዜ ብየዋለሁ። አንድም ቀን የራሴ ጣቶች፣ ያ ጎድጓዳ ሳህን፣ ያ ምድጃ ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

በዚያው ቀን ጅረቱን ተሻገርኩ። ጋሽ ሆበርት ሰማንያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ በሰኔ ምድጃ አንድዶ፣ ብርድ ልብስ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ደብዳቤውን አነበብኩለት። ማርማላታውን፣ ሳሙናውን፣ የፈላውን ውሃ ነገርኩት። ስጨርስ ብርድ ልብሱን ወደ ደረቱ ሳበ።

«ታጠበ?» አለ።

«ታጠበ።»

«አልቆረጠውም?»

«ማንም አልቆረጠውም፣ ጋሽ ሆበርት። አባዬ አንተ ያሳጠርከው መስሎት ነበር።»

«እኔ?» ከብርድ ልብሱ ውስጥ ቀና አለ። «እኔ ነኝ እንዴ? እኔ እኮ እሱ የቆረጠው መስሎኝ ነው! ‹ስህተቱ የኔ ነው› ብሎ በአፉ ተናገረ እኮ! በሰው ሁሉ ፊት!»

«አንተን ሊሸፍን ነበር።»

እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። ሲያነሳው የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ተቆጥቶ ነበር።

«ስሚኝ፣ ቬስታ» አለ። «ክሩን በሳምንቱ ይቅር ብየዋለሁ። ሰባት ዓመት የተቃጠለ ሰው ነው፣ ሰይጣን አሳሳተው አልኩ። ፊርማዬ አብሮ ቆሽሾ ነበር፤ እሱንም ተውኩለት። እዚያ በረንዳ ላይ ተቀምጬ እስኪመጣ ጠበቅሁት። ‹ሆበርት፣ ተሳሳትኩ› ቢለኝ፣ እሷን ብቻ ቢለኝ ዕለቱን እናንተ ቤት ራት እበላ ነበር። እሱ ግን ልጅ ላከብኝ። የአርባ ዓመት ወዳጁን ይቅርታ ለመጠየቅ የዘጠኝ ዓመት ልጅ! እሷን ነው ያልቻልኳት።»

ስለ ክሩ ልናዘዝ ነበር የመጣሁት። ክሩ በሳምንቱ ይቅር ተብሏል።

«አልላከኝም» አልኩ።

«ምን?»

«አባዬ አልላከኝም። ወደዚህ መምጣቴንም አያውቅም ነበር። አጭር ብሎ ያማህ መስሎኝ፣ በቁመትህ የተጣላችሁ መስሎኝ፣ ላስታርቅ ነው የመጣሁት። ላከሽ ወይ ስትለኝ አዎ ያልኩት… ዋሽቼ ነው።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ጋሽ ሆበርት አየኝ፤ በዚያ አስተያየት ዳግመኛ ማንም እንዲያየኝ አልሻም። ሳል ያዘው፣ ውሃ ሰጠሁት፣ ብርጭቆውን ሳይጠጣ ያዘው።

«ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር» አለ። «ልጅ ነበርሽ፣ አልፈርድም። ከዚያ በኋላ ግን አደግሽ። አገባሽ፣ ወለድሽ። በየእሑዱ እሱ ቤት ነበርሽ።»

«ነበርኩ።»

«አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ ‹አባዬ፣ ሆበርት ለምን ቀረ?› ብለሽ ጠይቀሽው ታውቂያለሽ?»

መንገዱን ሙሉ፣ ሠላሳ ስድስቱን ዓመት ሙሉ፣ እነዚህን ሁለት ሰዎች ለምን አይጠያየቁም እያልኩ ስረግም ነበር።

«አላውቅም» አልኩት።

«ለምን?»

«እንዳይከፋው ብዬ።»

ጋሽ ሆበርት ራሱን ቀስ ብሎ ነቀነቀ። «አየሽ» አለ፣ «እኛም እንዲሁ ብለን ነው።»

ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረና ከመሄዴ በፊት ምድጃው ውስጥ አንድ እንጨት እንድጨምርለት ነገረኝ።